አዲሱ ራዲዮና የድምፁ ቁጥር

  

እናንተ አሁን ቁጥር ማንበብ ችላችኋል። የገበያ ሚዛን ታነባላችሁ። የስልክ ቁጥር ታነባላችሁ። የመብራት ክፍያ ስንት ብር እንደመጣ ሰው ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ቁጥር ነው። እሱም በራዲዮና በቴፕ ላይ የተጻፈው የድምፅ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ይለያል። ጠባዩን ያላወቀውን ሰው ያታልላል። አሮጌውን ራዲዮ በአዲስ የለወጠ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይታለላል።

እስቲ በምሳሌ እንጀምር።

አንድ አባት ለብዙ ዓመታት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ነበራቸው እንበል። የድምፁ ማዞሪያ ከ1 እስከ 10 ተጽፎበታል። ዜና ሲሰሙ 8 ላይ ያደርጉታል። እጃቸው ለምዷል። በጨለማም ቢሆን 8ን አይስቱትም። አንድ ቀን ልጃቸው በመብራት የሚሠራ አዲስ ቴፕ ከነትልልቅ ስፒከሩ ገዝቶ አመጣላቸው። አባትም እንደለመዱት ወደ 8 አዞሩት። ምን ሆነ? ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ። የተኛው ሕፃን ብርግግ ብሎ አለቀሰ። ባለቤታቸው ከጓዳ «ኧረ ይቀንሱት! ጆሯችን ሊደነቁር ነው እኮ!» ብለው ጮኹ።

ሌላም ምሳሌ አለ። አንዲት እናት የገዙት ራዲዮ ቁጥሩ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ነው እንበል። እሳቸውም በድሮው ልማድ 8 ላይ አደረጉት። ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። «ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ብለው ወደ ሱቁ መለሱት። ባለሱቁ ተቀብሎ 30 ላይ አደረገው። ራዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ። ራዲዮው ደኅና ነበር። የተለወጠው የቁጥሩ ትርጉም ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ያው 8 በአንዱ ቤት ነጎድጓድ፣ በሌላው ቤት ሹክሹክታ የሆነው?

ወደ ገበያ እንሂድ። ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥታችሁ 1 ኪሎ ስኳር ብትገዙ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወጥታችሁ 1 ኪሎ ብትገዙ፣ ኪሎው አንድ ነው። ሻጩ ካላጭበረበረ በቀር ኪሎ ኪሎ ነው። ከሚሴም ሆነ ደሴ፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ አገር አይለወጥም። ኪሎ ሁሉም የተስማማበት መለኪያ ነውና።

ቁና ግን እንደዚያ አይደለም። የአንዱ አገር ቁና ትልቅ ነው። የሌላው ትንሽ ነው። «ሦስት ቁና ማሽላ» ሲባል፣ ብልህ ገዢ «በየትኛው ቁና?» ብሎ ይጠይቃል።

የራዲዮ የድምፅ ቁጥር እንደ ቁና ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቁና ሠርቷል። አንዱ እስከ 10 ይጽፋል። ሌላው እስከ 30 ይጽፋል። ሌላው እስከ 100 ይጽፋል። ጭራሽ ቁጥር የሌለው፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ያለበትም አለ። «8» ተብሎ ሲጻፍ «8 ምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የለውም። 8 ኪሎ አይደለም። 8 ሜትር አይደለም። ከመነሻው ወደ መጨረሻው በሚወስደው መንገድ ላይ የተተከለ ምልክት ነው እንጂ።

አሁን ደግሞ የራዲዮውን አሠራር በጥቂቱ እንመልከት።

ማዞሪያው ድምፅ አይፈጥርም። ማዞሪያው በር ነው። በመስኖ ቦይ ላይ ውሃ የምትለቁበትንና የምትዘጉበትን ቦታ አስቡ። በሩን አንድ ስንዝር ከፈታችሁት እንበል። ቦዩ የመጣው ከትንሽ ምንጭ ከሆነ የሚወርደው ውሃ ጥቂት ነው። ቦዩ የመጣው ከቦርከና ወንዝ ከሆነ ግን በዚያው በአንድ ስንዝር ብዙ ውሃ ይወርዳል። የበሩ መጠን አንድ ነው። ከበስተኋላው ያለው ጉልበት ግን ይለያያል።

ራዲዮም እንዲሁ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ምንጭ ነው። ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ዋት አይበልጥም። በመብራት የሚሠራው ትልቅ ቴፕ ወንዝ ነው። ጉልበቱ 20፣ 50 ወይም 100 ዋት ሊሆን ይችላል። ዋት ማለት የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ነው። በአምፖል ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የስፒከሩ መጠንም ልዩነት ያመጣል። ትልቁ ስፒከር በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ይገፋል። ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ፣ ያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከትልቁ ስፒከር በደንብ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 100 ዋት ያለው ቴፕ 1 ዋት ካለው ራዲዮ 100 እጥፍ አይጮኽም። ጆሯችን «ድምፁ እጥፍ ሆነ» እንዲል ጉልበቱ 10 እጥፍ ገደማ መጨመር አለበት። ስለዚህ ለአንድ ክፍል ቤት ጥቂት ጉልበት ይበቃል። በካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈም አትደነቁ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለገበያ የተጋነነ ነው።

«እና ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ ሩቡን ብቻ ልጠቀም?» የሚል አለ። አዎን። በመኪና የፍጥነት መቁጠሪያ ላይ ከ100 በላይ ተጽፏል። ሹፌሩ ግን ከደሴ ሲመጣ ከሚሴ ከተማ መሐል፣ ሰውና ከብት በሚሻገርበት፣ በዚያ ፍጥነት ይነዳል? አይነዳም። ትርፍ ጉልበት መኖሩ ጥቅም አለው። ቴፑ ሳይጨነቅ፣ ድምፁ ሳይሰነጠቅ ይናገራል። ጉልበቱን ሁሉ ማውጣት ግን ግዴታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እሱም ጆሮ ነው።

የሰው ልጅ ሁሉን ይለምዳል። ጆሮም ይለምዳል። አዲሱ ቴፕ በመጀመሪያው ቀን «ጮኸብን» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ያው ድምፅ ደኅና ይመስላል። በሳምንቱ «ትንሽ ጨምረው» ይባላል። ቁጥሩ ከ10 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 15 ይወጣል። ማንም ልብ አይለውም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን በር ላይ ሆኖ ሰላምታው አይሰማለትም።

በጆሯችን ውስጥ፣ ከታምቡሩ ወዲያ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ትንሽ ክፍል አለ። በውስጡ 15 ሺህ ገደማ የሚሆኑ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። እንደ ፀጉር ያለ ነገር በላያቸው ላይ አለ። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ። ወሬውን ለአንጎል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ነፋስ እንደመታው የጤፍ እርሻ አስቧቸው። ቀላል ነፋስ ሲያልፍ ጤፉ ጎንበስ ብሎ ይነሣል። ኃይለኛ ነፋስ ሲደጋገም ግን ይጋደማል። የጤፍ እርሻ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይዘራል። የጆሯችን ሕዋሳት ግን ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም።

ኃይለኛ ድምፅ ስትሰሙ ቆይታችሁ ጆሯችሁ «ጭው» ካለ፣ ወይም የሰው ንግግር በጥጥ የተሸፈነ ከመሰለ፣ ጆሯችሁ ደክሟል ማለት ነው። ሰርግ ላይ ከሞንታርቦ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይሻላል። ሲደጋገም ግን የማይመለስ ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል። አያምም። ደም አይወጣውም። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ይጎዳል።

ለድምፅ እውነተኛ መለኪያ አለው? አለው። ዴሲቤል ይባላል። ለድምፅ ኪሎው ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲጫወቱ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ይቻላል ይላል። ለልጆች ግን 75 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አያችሁ? ድምፁ በጥቂቱ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በብዙ ይቀንሳል።

«እኔ ቤት ዴሲቤል መለኪያ የት አለ?» ትሉ ይሆናል። አብሽሩ። መለኪያው ራሳችሁ ናችሁ። አንድ ክንድ በሚያህል ርቀት ከሰው ጋር ቁሙ። ቴፑ እየተናገረ፣ ድምፃችሁን ሳታነሡ አነጋግሩት። ከሰማችሁ ደኅና ነው። ካልጮኻችሁ በቀር የማይሰማችሁ ከሆነ ቴፑ በዝቷል። በቃ፣ ቀንሱት።

እንግዲህ አዲስ ራዲዮ ወይም ቴፕ ቤታችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? በተራ እንየው።

አንደኛ፤ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቀንሱት። የድሮውን ቁጥር እርሱት።

ሁለተኛ፤ በዘፈን ሳይሆን በንግግር ሞክሩት። ዜና ጥሩ ነው። ዘፈን ከፍ ሲል ያስደስታል እንጂ መብዛቱን አይነግራችሁም። ንግግር ግን ቃሉ መለየቱንና አለመለየቱን ያሳያል።

ሦስተኛ፤ ዘወትር በምትቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ቀስ እያለ ይጨምር። እያንዳንዱ ቃል ሲለይ «በቃ!» በሉት።

አራተኛ፤ የደረሳችሁበትን ቁጥር ጻፉ። አዎን፣ ጻፉ! እርሳስና ወረቀት ያዙ። «ዜና 9» ብላችሁ ጻፉ። ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ እንደገና ሞክሩ። ያነሰ ቁጥር ይበቃችኋል። «ማታ 5» ብላችሁ ጻፉ። ከፍላሽ ስታጫውቱም ሞክሩ። ድምፁ ከራዲዮው ከፍ ሊል ይችላል። «ፍላሽ 7» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱን በቴፑ ጎን ለጥፉት። ቁጥር የሌለው ቴፕ ከሆነ በማዞሪያው ዙሪያ ትንሽ ምልክት አድርጉበት።

ይህ ወረቀት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ቀደም ሲል ቁጥሩ እንደ ቁና ነው ብለናል። ከአንዱ ራዲዮ ወደ ሌላው አይዛወርም። በአንዱ ራዲዮ ላይ ግን ቁጥሩ ማስታወሻ ነው። ጆሯችሁ በሳምንቱ «ጨምረው» ሲላችሁ፣ ወረቀቱ «9 ይበቃል ብለን ነበር» ይላችኋል። ጆሮ ይረሳል። ጽሑፍ አይረሳም። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ጭምር ነው።

አምስተኛ፤ ስልክ ከቴፑ ጋር በብሉቱዝ ካገናኛችሁ ሁለት በር እንዳለ እወቁ። አንዱ በስልኩ ላይ ነው። ሁለተኛው በቴፑ ላይ ነው። ስልኩ ተቀንሶ ከሆነ ቴፑን ብዙ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ወደ ራዲዮ ወይም ወደ ፍላሽ ስትቀይሩት ድንገት ይጮኽባችኋል። ስለዚህ ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ቴፑን ግን ከዝቅተኛ ተነሥታችሁ አስተካክሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመቀየራችሁ በፊትም ሁልጊዜ ቴፑን ቀንሱ።

ስድስተኛ፤ መብራት ሲጠፋ ማዞሪያውን ቀንሱ ወይም ከሶኬቱ ንቀሉ። አለዚያ መብራቱ በእኩለ ሌሊት ሲመጣ ቤተሰቡ በድንጋጤ ይነሣል።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የራዲዮው ድምፅ አይሰማም። ሰው ቶሎ ብሎ ይጨምራል። ዝናቡ ሲያባራ ግን መቀነሱን ይረሳል። የተሻለው ዘዴ ራዲዮውን ወደ ራስ ማቅረብ ነው። ወይም እናንተ ወደ ራዲዮው ቅረቡ። ድምፅ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ በቀረበ ቁጥር ይበረታል። መቅረብ ገንዘብ አያስወጣም።

ስፒከሩን መሬት ላይ፣ ግድግዳ ጥግ አታስቀምጡት። ጥግ ላይ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ ይበዛና ንግግሩን ይሸፍነዋል። ሰው ቃሉ አልለይ ሲለው ይጨምራል። ሲጨምር የባሰ ይደበላለቃል። ሰው ሲቀመጥ ጆሮው በሚሆንበት ከፍታ፣ ከጥግ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ድምፁ ከተሰነጠቀ ወይም ከጎረበጠ ቴፑ «አልቻልኩም» እያለ ነው። ወዲያው ቀንሱት። አለዚያ ስፒከሩ ይቃጠላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ከጎረበጠ ግን ድንጋዩ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

በዕድሜ የገፋችሁ አባቶች ራዲዮን እስከ መጨረሻው ማዞር ከየት እንደለመዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ራዲዮ እንደ ዛሬው በየቤቱ አልነበረም። አንዱን ትንሽ ራዲዮ ብዙ ሰው ከብቦ ያዳምጠው ነበር። ኋላ የተቀመጠው እንዲሰማ ማዞሪያው ወደ ዳር መሄድ ነበረበት። በዚያ ጊዜ ትክክል ነበር። ያ እጅ ዛሬ ትልቅ ቴፕ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያገኝ ግን ልማዱን መለወጥ አለበት።

አሁን ስለ ልጆች አንድ ቃል ልናገር። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል።

ልጅ «አባዬ ጨምረው፣ እማዬ ጨምሪው» ሲል አጥፊ ነው ብላችሁ ብቻ አትገሥጹት። ራዲዮው ሥር ተጠግቶ የሚቀመጥ፣ ከኋላ ሲጠሩት የማይዞር፣ «ምን?» «ምን?» የሚያበዛ ልጅ ካለ ጆሮው ታሞ ሊሆን ይችላል። ጆሮው የሚመግል ከሆነማ ጨርሶ ቀን አትስጡት። ዘይት ወይም ቅጠል አትጨምሩበት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የዓለም የጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል ይላል። በደንብ የማይሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ይመስላል። ፊደሉን በትክክል ስላልሰማ «ደ»ን ከ«ጠ» ይደባልቃል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ድምፁ አልደረሰውም።

ጆሯቸው ለደከመ አያቶችም ራዲዮውን ማስጮኽ መፍትሔ አይሆንም። የሕፃኑን ጆሮ ለአያቱ ብለን አንጎዳም። ትንሿን የድሮ ራዲዮ አትጣሏት። ባትሪ ድንጋይ አስገቡላትና ከአያቶቹ አጠገብ አስቀምጧት። ትልቁ ቴፕ ከዳር ሆኖ ከሚጮኽ ትንሿ ከቅርብ ብትናገር ይሻላል።

ጎረቤትንም አስቡ። የከተማ ቤት ግድግዳው የጋራ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የታመመ አለ። አራስ አለች። የሚጸልይ፣ የሚሰግድ አለ። ሐዘን ባለበት ሰፈር ራዲዮ አይጮኽም፤ ይህን ከአባቶቻችን ተምረናል። አዲስ ቴፕ መግዛታችሁን ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ፣ ቁጥሩ በዝቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ትምህርታችንን እንከልስ። ጥያቄዎቹን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

በራዲዮ ላይ ያለው ቁጥር እንደ ኪሎ ነው ወይስ እንደ ቁና?
የድሮው ራዲዮ 8 ለአዲሱ ለምን አይሆንም?
ድምፅ መብዛቱን ያለ መሣሪያ በምን እናውቃለን?
በቴፑ ጎን የሚለጠፈው ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል?

የዛሬ ቃላት እነዚህ ናቸው። ደጋግማችሁ ጻፏቸው። ድምፅ። ጆሮ። ቁጥር። ቁና። ታምቡር። ዴሲቤል።

የቤት ሥራም አለ። ዛሬ ማታ ማዞሪያውን ቀንሳችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ። የምትሰሙበትን ቁጥር ጻፉና ለጥፉ። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱንና ማዞሪያውን አስተያዩ። ማዞሪያው ከወረቀቱ በልጦ ከተገኘ፣ እመኑ ወረቀቱን።

በሉ፣ ለሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያገናኘን። ደኅና ሁኑ።